አቶ ስክሪን ሲሾሙ

ከዕለታት አንድ ቀን ዳሽቦርድ በሚባል አገር ብዙ ባለሙያዎች ይኖሩ ነበር። የሬድዮ ማዞሪያ፣ የአደጋ መብራት ቁልፍ፣ ሌሎችም፤ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፣ እሱንም አሳምሮ ይሠራል። ሽማግሌያቸው የማሞቂያው ማዞሪያ ነበር። ጠርዙ ሻካራ ነው፤ ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት አለችው። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ሳይነቅል በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል፤ እሱም ጠቅ ጠቅ እያለ የት እንደደረሰ ይነግረዋል።

አቶ ስክሪን ከቻይና መጥተው የተሾሙ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። «ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎት ሁሉ በአንድ መስኮት ነው» አሉ፣ ሰፊ ፊታቸው እያብረቀረቀ። ጭብጨባው ቀለጠ። (ዋናው ነገር ወጪ ነው፤ አንድ ስክሪን ከዚያ ሁሉ ቁልፍና ሽቦ ይረክሳል። ግን ይህን በስብሰባ ላይ ማን ይናገረዋል?) ክላክስ ብቻ፣ «ክቡርነትዎ፣ እርስዎን ለማዘዝ እኮ እርስዎን ማየት ያስፈልጋል፤ ሾፌሩ ደግሞ መንገድ እያየ ነው» አለ። የለውጥ አደናቃፊ ተብሎ ተገመገመ። ማዞሪያዎቹም ተቀንሰው መሳቢያ ውስጥ ገቡ።

ክረምት መጣ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው፤ የፊት መስታወቱም ከውስጥ ጭጋግ ለበሰ። ሾፌሩ ስክሪኑን ነካ። አንድ ገጽ ተከፈተ፤ ከሱ ሥር ሌላ ገጽ። የነፋሷን ትንሽ ሥዕል ሊነካ ሲል መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ጣቱም ሸርተት አለ። ወንበሩ መሞቅ ጀመረ። ቀጥሎ በቻይንኛ የተጻፈ ማሳሰቢያ ብቅ ብሎ፣ ከሁለት አንዱን ካልመረጥክ አልነሳም አለ። ከፊት ለፊት ገልባጭ መኪና እየመጣ ነበር። ክላክስ ሳይፈቀድለት ጮኸ፤ ለትንሽ ተረፉ።

«ይሄ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም» አለ ክላክስ ማታ። «እ.ኤ.አ. በ2022 ቪ ቢላጋሬ የተባለው የስዊድን መጽሔት መኪኖችን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ ፈትኖ ነበር። የ2005ቱ ባለ ቁልፍ ቮልቮ የታዘዙትን ሥራዎች በ10 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ባለ ስክሪኑ የመጨረሻ ተሸናፊ ወደ 45 ሰከንድ ፈጀበት። በዚያ መሀል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል።» ከመሳቢያው ውስጥ ሳል ተሰማ።

ሲቆይ ከአውሮፓ ወሬ መጣ። መኪኖችን ለደኅንነታቸው ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የአደጋ መብራትና የድረሱልኝ ጥሪ የየራሳቸው ቁልፍ ከሌላቸው ነጥብ እቀንሳለሁ ብሏል። አቶ ስክሪን ወሬውን በራሳቸው ፊት ላይ አነበቡት። በነጋታው ስብሰባ ጠሩና፣ «ባካሄድነው ጥልቅ ተሃድሶ አምስት ወንድሞቻችን በክብር ቦታቸውን ይይዛሉ» አሉ። ጭብጨባው ከመጀመሪያውም በለጠ።

የማሞቂያው ማዞሪያ ከመሳቢያው አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ክቡርነትዎ፣ እኔስ?» አለ።

አቶ ስክሪን ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች አሉት። «አባቴ፣ እርስዎ የሉበትም። ቅሬታ ካለዎት በእኔ በኩል ያስገቡ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።»