የጦጢት ኩራዝ

ተረት ተረት።

በሐረር፣ አሚር ኑር ባስገነቡት በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ እመት ጦጢት የምትባል ቆርቆሮ ሠሪ ነበረች። አያ ጅቦ ማታ ማታ በግንቡ ሥር ባለው ቀዳዳ እየገባ ከውጭ የለቀመውን ጣሳ ያመጣላታል። እሷ ጣሳውን ቆርጣ፣ አጥፋ፣ በእርሳስ በይዳ ኩራዝ ታደርገዋለች። ፍየል ደግሞ ኩራዙን በመደብ ዘርግታ ትቸረችረዋለች። በአምስቱም በር የሚገባው ገበያተኛ ሁሉ ይገዛል።

አንድ ቀን እማማ ዶሮ ኩራዝ ገዛች። ማታ ነጭ ጋዝ ሞላችበት፤ ክሩን አስተካክላ ለኮሰችው፤ 12 እንቁላሎቿንም ታቀፈች። ሌሊቱ ሳይጋመስ ብየዳው ተላቀቀ፤ ጋዙ ፈሰሰ፤ እሳቱ አንድ ክንፏንና እንቁላሎቿን በላ።

ሲነጋ ወደ ፍየል ሄደች። «እኔ ሻጭ እንጂ ሠሪ አይደለሁም» አለቻት። ወደ ጦጢት ሄደች። «ከእኔ መች ገዛሽ? ከፍየል ነው የገዛሽው። ጣሳውም የአያ ጅቦ ነው» አለቻት። ማታ ከግንቡ ሥር ቆማ ጅብን ጠበቀችው። «እኔ የለቀምሁት ባዶ ጣሳ ነው፤ ባዶ ጣሳ ማንን ያቃጥላል?» አላት።

ዶሮ ወደ ሸንጎ ሄደች። ዳኛው አባ በሬ ነበር፤ በቀኙ አህያ፣ በግራው በግ ተቀምጠዋል።

«ጦጢት ምን አጠፋች?» አላት በሬ።

«ኩራዟ አቃጠለኝ።»

«እሱ ጉዳትሽ ነው፤ የምንጠይቅሽ ጥፋቷን ነው። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እጇ ሳተ?»

«እሷ ቤቷ ስትበይድ እኔ ቤቴ ነበርሁ፤ በምን ዐይኔ ልይ?»

«እንግዲያው ምስክር ቁጠሪ።»

በጦጢት ቤት የሚሠሩት የጦጢት ልጆች ብቻ ነበሩ። ተጠርተው መጡ፤ «የእናታችን እጅ አይስትም» ብለው መሰከሩ።

ሸንጎው ኩራዙን እንድታመጣ አዘዛት። የቀለጠውን ጣሳ አመጣች። «ይህ የተቃጠለ ነው፤ ሳይቃጠል ምን ይመስል እንደ ነበር በምን እናውቃለን?» አሏት። ተበድራ አዲስ ኩራዝ ገዝታ አመጣች። «ይህ ደግሞ አንድም ቀን አላቃጠለሽም። እስኪያቃጥልሽ ጠብቂና ነይ» አሏት። ቤቷ ወስዳ ለኮሰችው፤ ሁለተኛው ክንፏ ነደደ። ተመልሳ ስትመጣ አባ በሬ አዘነላት። «እማማ ዶሮ፣ እንደሚያቃጥል እያወቅሽ ለኮስሽው። ይኸው ጥፋተኛዋ ተገኘች» አለና ኪሳራ አስከፈላት።

ከዚያ በኋላ ድመት ተቃጠለች። ጥንቸል ተቃጠለ። አቤቱታው ሲበዛ ሸንጎው መከረ። አህያ «ጣሳም እርሳስም አላቃጠሉም፤ ያቃጠለው እሳት ነው» አለ። ለእሳት መጥሪያ ተላከ፤ አልቀረበም። ደግሞ ተላከ፤ አልቀረበም። በሦስተኛው በሌለበት ተፈረደበት፤ በፈረስ መጋላ ዙሪያ ማንንም እንዳያቃጥል በአዋጅ ተከለከለ። አዋጁ በየበሩ ተለጠፈ። ማታም እንዲነበብ ከየአዋጁ ሥር የጦጢት ኩራዝ ተሰቀለ። በሦስተኛው ሌሊት አዋጁ ተቃጠለ።

አንድ ምሽት ሸንጎው ሲያመሽ በመካከሉ ያለው ኩራዝ ፈነዳና የአባ በሬ ጭራ ተያያዘ። «ጦጢትን አምጡልኝ!» ብሎ አጓራ።

«ጌታዬ፣ በስንት ሰዓት እጇ ሳተ?» አለ በግ።

«እንደሚያቃጥልስ ያውቁ አልነበረም?» አለ አህያ።

በሬ መልስ አጣ።

ያን ጊዜ ኤሊ ከጥግ ተነሥታ መጣች። የዳኛው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ስለ ነበር ወፍራም መጽሐፍ ተደግፎበት ኖሯል። ጎትታ አወጣችው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

«አባ በሬ፣ አምና አምልጠው የጎረቤት ጥጃ ወግተው ነበር» አለች።

«ወግቻለሁ።»

«ባለቤትዎ ሳያስርዎ ቀርቶ ነው?»

«አጥብቆ አስሮኝ ነበር፤ ገመዱ ተበጠሰ።»

«ግን ከፈለ።»

«ከፈለ።»

«ያስከፈለው አንቀጽ 2071 ነው። እንስሳው ድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም ባለቤቱ ይጠየቃል።» ቅጠሉን ገለበጠች። «አንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወጉ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በ2086 ደግሞ ‹ምክንያቱ አልታወቀም›፣ ‹ያጠፋው ሌላ ነው› ማለት አያድንም፤ የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው።»

ጦጢት ተጠራች። በሬ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ኩራዙን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ለምን ሠራሽው?»

«ሸጬ ላተርፍ።» ቀጥላም «ግን ያው ሕግ ጉድለቱ በተለመደው ፍተሻ የሚታይ ከሆነ ሠሪው አይጠየቅም ይላል። ዶሮ ለምን አገላብጣ አላየችም?» አለች።

«እውነት ነው፤ ይላል» አለች ኤሊ።

በማግስቱ አዲስ ኩራዝ ፀሐይ ላይ ወጣ። ገበያተኛው እየተቀባበለ አገላበጠው፤ ጉድለት ያገኘ አንድም አልነበረም። ሲሰነጠቅ ግን የላላው ብየዳ ከእጥፋቱ ሥር ተገኘ።

ጦጢት የዶሮን ክንፍና እንቁላሎች፣ የድመትንና የጥንቸልን ጉዳት ከፈለች። የዶሮን ሁለተኛ ክንፍ ሸንጎው ራሱ ከፈለ፤ ‹እስኪያቃጥልሽ ጠብቂ› ያላት እሱ ነበርና።

«ከእንግዲህ እያንዳንዱን ኩራዝ ሳልሸጠው ቤቴ ለኩሼ ማደሬ ነው። ዋጋውም አንድ ብር ይጨምራል» አለች ጦጢት። ገበያው በሙሉ አጉረመረመ።

ዶሮ ከመቀነቷ አንድ ብር ፈትታ መደቡ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ላልተፈተነው 12 ልጆች ከፍዬበታለሁ፤ ብሩን ውሰጂ» አለቻት።