ከዶሮ ጥብስ ወደ ትሬለር

ይድረስ ለእናቴ፣ ዘንዘልማ።

እማዬ፣ ደብዳቤውን የምታነብልሽ እህቴ ከሆነች እየዘለለች እንዳታነብ ንገሪያት።

የምሥራቹን ላስቀድም፤ ምግብ ማመላለሱን ትቻለሁ። «ልጅሽ አሜሪካ ምን ይሠራል?» ሲሉሽ «ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው» እያልሽ ስትሸፋፍኚልኝ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሰዎቹም እዚያው ደጃችን ካለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓስ መመረቄን ስለሚያውቁ ተመራማሪ የሆንኩ መስሏቸዋል አሉ። እኔ ግን ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ የሰው እራት ከበር በር ሳዞር ነበር።

ሥራው ነውር የለበትም። ግን ነዳጁ የኔ፣ ጎማው የኔ፣ ኢንሹራንሱ የኔ፤ የዓመት ፈቃድ የለ፣ ታምሜ ብተኛ የሚከፍለኝ የለ። አንዱ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ካለ ምግብ ቤት አዝዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ አስወጣኝ። ሌላው አይስክሬሜ ቀለጠ ብሎ አንድ ኮከብ ሰጠኝ፤ ለጁላይ ፀሐይ መስጠት የነበረበትን! ከሁሉ የባሰው ግን ዐቢይ ጾም ነው። 55ቱን ቀን በዶሮ ጥብስ ታጥኜ እገባ ነበር። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው «ማሽተት አያስገድፍም» አሉኝ፤ ሳቃቸውን ግን በነጠላቸው ሸፈኑት።

አሁን የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። አትደንግጪ፣ ሲኖትራክ አይደለም! መንጃ ፈቃዱ ሲዲኤል ይባላል፤ ከ2022 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ነው የምልሽ፣ ከተመዘገበ ማሠልጠኛ ሳይወጡ ለመንዳት ፈተናው መቅረብ የለም። በፈተናው ቀን መኪናውን እየዞርኩ ፍሬኑን፣ የአየር ቱቦውን፣ ቡሎኑን ሁሉ በየስሙ እየጠራሁ እንደ ዳዊት ደጋሚ ተወጣሁት። ትሬለሩ 16 ሜትር ይረዝማል፤ መኪናው ከነጭነቱ እስከ 363 ኩንታል ግድም ይፈቀድለታል። የኋላ ማርሹን ነገር ግን አታንሺብኝ።

ደመወዜ በየሳምንቱ ይገባል፣ ነዳጁም የኩባንያው ነው። ሕጉ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ አያስነዳም፤ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ ግድ ነው፣ የሚመዘግበውም መኪናው ላይ ያለ መሣሪያ ስለሆነ መዋሸት የለም። አጎቴ በሬዎቻቸውን እንዲህ ቢያሳርፏቸው ኖሮ በሬዎቹ ይመርቋቸው ነበር።

የመጀመሪያ ጭነቴን ለማኅበርተኞችሽ አትንገሪ፤ ሙሉ ትሬለር የሽንት ቤት ሶፍት ነበር። ከጠየቁሽ «የወረቀት ውጤት» በያቸው።

ዓባይ ላይ በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ ለፎቶ የተጋፋችሁበት ድልድይ 380 ሜትር ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ የተሻገርኩት ግን 28 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ከባሕር ዳር ተነስቶ ጢስ ዓባይ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ማለት ነው። እሱስ ይሁን፤ መሐል ላይ ሲደርስ መንገዱ በባሕሩ ሥር ይገባል! በላዬ መርከብ እያለፈ እኔ ከሥሩ የክብራን ገብርኤልን እየጠራሁ ነዳሁ። በሰላም ከወጣሁ ዣንጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ።

እንግዲህ እማዬ፣ ዣንጥላውን ከባሕር ዳር ገበያ ግዢልኝ፤ ጥሩውን፣ ዘርፍ ያለውን። ክብራን ሴት ስለማያስገባ አጎቴ ይዘውልኝ ይሻገሩ። የዣንጥላውንም የጀልባውንም ገንዘብ ዛሬ ልኬያለሁ።

ልጅሽ