ጋሼ፣ ወደ ታች አይመልከቱ

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ገንዳ ዳር አቁመው «ዝለል» አሉኝ። እኔን! ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንቋቋውን ሰውዬ!

አሠልጣኙ የመጨረሻ ልጄን ያክላል። መቼም አሳዳጊ አልበደለውም፣ «ጋሼ» ይለኛል። «ጋሼ፣ በአንድ እጅዎ አፍና አፍንጫዎን ይዝጉ፤ በሌላው ላይፍ ጃኬቱን ወደ ታች ጫን አድርገው ይያዙት። ወደ ታች አይመልከቱ፤ አድማሱን ይመልከቱ።» አድማስ ያለው ምን መሰላችሁ? ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት። ለሻይ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ሰዓቱን እያየሁ ዘለልኩ። ውኃው ጆሮዬ ገብቶ እስከ ማግስቱ አልወጣም።

እኔ መርከብ የተሳፈርኩት በ1978 ዓ.ም. አሰብ ላይ ነው። በየጊዜው የሚያንገላታኝ የመርከበኞች ሥልጠና ዓለም አቀፍ ስምምነትም ስሙ «ኤስ ቲ ሲ ደብሊው 1978» ነው። እኩያሞች ነን እያልኩ ስኮራበት ኖሬ፣ ለካ የእሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ግን ዕድሜው አያስታውቅበትም። በ1995 አደሱት፤ በ2010 ማኒላ ላይ ተሰብስበው እንደገና አደሱት። እኔን ማን ያድሰኝ? አሰብ ቀርቶ ጅቡቲ መጣ፣ ጸጉሬ ሄዶ ሆዴ መጣ፣ እኔ ግን በየአምስት ዓመቱ «ሰርተፊኬትህን አድስ» ከመባል በቀር እድሳት አላየሁም።

መሠረታዊው ሥልጠና አራት ነገር ነው፦ ውኃ ውስጥ ነፍስን ማቆየት፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ፣ አራተኛው ደግሞ ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖር። በየአምስት ዓመቱ ችሎታህን አስመስክር የሚሉህ ውኃውንና እሳቱን ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ አራተኛውን አልደገሙብኝም። ብሬን ተበድሮ የጠፋ አንድ ኢንጂነር ስላለ እወድቅ ነበር።

ከገንዳው በፊት ያ የጎማ ልብስ ነበር። ብርቱካናማ ነው፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር አንድ ወጥ ሆኖ የተሰፋ፣ ሰው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ደርቆ እንዳይቀር የሚለበስ። ደንቡ ያለማንም ርዳታ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ልበሰው ይላል። እኔ የሠርጌን ሱሪ እንኳ በሁለት ደቂቃ አልለበስኩም! ወጣቶቹ መሬት ላይ ተጋድመው ከልብሱ ጋር ይታገላሉ። ጫማቸው ጎማው ውስጥ ተሰንቅሮ አልገባም አለ። አንዱማ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ ሁለት እግሩን ሰቅሎ ቀረ።

እኔ ከኪሴ ሁለት ፌስታል አወጣሁ። አንዱን በቀኝ ጫማዬ፣ አንዱን በግራው አጠለቅኩ። እግሬ ቅቤ እንደተቀባ ሹልክ ብሎ ገባ። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየና ምንም አላለም። ዝምታው ደስ አለኝ። (አሁን ደግሞ ፌስታልም በአዋጅ ተከለከለ ይላሉ። ለአንድ ሽማግሌ ምን ሊተዉለት ነው?)

ስለ ሥልጠናው ሳጉረመርም የሰማኝ ሁሉ ሥልጠና የምጠላ ይመስለዋል። እኔ የምጠላው ወረቀቱን ነው። መርከብ ላይ የማይፈረምበት ነገር የለም። የቆሻሻ መዝገብ አለ፣ የዘይት መዝገብ አለ፣ መሰላል የሚወጣበት ፎርም አለ። የሁሉም አለቃ ግን የዕረፍት ሰዓት ፎርም ነው። ደንቡ ያማረ ነው፦ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ማረፍ አለበት ይላል። ያወጡትን እጃቸውን ይባርከው። አሁን ወደብ እንግባ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገመድ ታስራለህ፣ ሲነጋ ክሬኑ ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ማታ ገመድ ፈትተህ ትወጣለህ። ከዚያ ቺፍ ኦፊሰሩ ፎርሙን ያመጣልሃል። ስታየው ያን ሌሊት ለጥ ብለህ ተኝተሃል። ወረቀቱ ተኝቶልሃል! «ቦሱን፣ እዚህ ጋ ፈርም» ይልሃል። ትፈርማለህ። እኔም ፈርሜያለሁ፤ ምን ልዋሻችሁ፣ ብዙ ጊዜ ፈርሜያለሁ።

ድሪሉም እንዲያው ነው። የእሳቱም ሆነ መርከብ ጥሎ የመውጣቱ ልምምድ በየወሩ ይደረግ ይላል ደንቡ። ሰባት አጫጭር ጡሩምባ፣ አንድ ረጅም፤ ከዚያ ሁሉም በየቦታው። አንዳንዴ እውነት ይደረጋል። አንዳንዴ ደግሞ ዝናብ ስለሆነ በብዕር ይደረጋል። በብዕር የተደረገውን ደግሞ ባዕድ ወደብ ላይ የተሳፈረ ተቆጣጣሪ ያወጣዋል። አንዱ ሰውዬ ካፒቴኑንም እኔንም አልፎ ቀጥ ብሎ ማዕድ ቤት ገባና ወጥ ቤቱን ያዘ። «ጡሩምባው ሲነፋ የት ትሄዳለህ?» ወጥ ቤቱ ሊጥ በነካ ጣቱ ምድጃውን አሳየው። ማታ እራት አጥተን አደርን፤ እስኪመሽ ድሪል ስንሠራ ዋልን።

ቦሱን ማለት የዴክ ሠራተኞች አለቃ ማለት ነው። እኔም ቦሱን ነኝ፤ ስለ እንቅልፍ ስናገር ደሜ የሚፈላው አንድ የሙያ ወንድሜ በእንቅልፍ የደረሰበትን ስለማውቅ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 1987፣ ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የሚባል የእንግሊዝ መኪናና መንገደኛ አመላላሽ መርከብ ከቤልጂግ ዜብሩህ ወደብ ሲወጣ የፊት በሩ ክፍት ነበር። መኪና የሚገባበት ያ ትልቁ በር። ውኃው መኪናዎቹ የቆሙበት ወለል ላይ ተንደቀደቀ፤ መርከቡ እዚያው ወደብ ደጃፍ ላይ ተገለበጠ፤ 193 ሰው አለቀ። በሩን መዝጋት ያለበት ማን ነበር? ረዳት ቦሱኑ። የት ነበር? ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ። የመነሻው ጥሪ ሲሰማ አልነቃም። ካፒቴኑ ደግሞ ተዘግቷል ብሎ ወጣ፤ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ የሚያሳይ መብራት መርከቡ በሚመራበት ክፍል አልነበረም። መብራት ይግባልን የሚል ጥያቄ ከዚያ በፊት ቀርቦ ነበር፤ ባለቤቶቹ አልተቀበሉትም።

ዛሬ የምንፈርመው ያ ሁሉ የአይ ኤስ ኤም (የመርከብ ደኅንነት አስተዳደር ደንብ) ወረቀት ከዚያ በር የወጣ ነው። በፈረንጅ ከ1998 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ግዴታ ሆነ። ይሁን፣ አልቃወምም፤ ቢሮ ተቀምጦ መብራት የከለከለ ሰውም ይጠየቅ ማለታቸው ደግ ነገር ነው። ግን እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ ተኝቶ የቀረው የሙያ ወንድሜ ነው። ስሙን ብሰማም አልጠራውም፤ የደረሰበት ይበቃዋል። የእኛ ቺፍ ኦፊሰር የተኛሁበትን ፎርም ይዞልኝ ሲመጣ፣ ያ በር ፊት ለፊቴ ክፍት ይሆንብኛል። ከዚያ እፈርማለሁ።

ይህንን ሁሉ ሻይ ላይ ለወጣቶቹ አወራሁላቸው። ከመካከላቸው ባሕር ዳር መርከበኝነት የተማሩም ነበሩ፤ ሐይቅ አይተው ባሕር ያሉ ልጆች እያልኩ አሾፍኩባቸው እንጂ ከእኔ የበለጠ መጽሐፉን ያውቃሉ። ዝም ብለው ሰሙኝ። እኔም ነካሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በመጨረሻ ያ እንደ ጥንዚዛ የተገለበጠው ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ፌስታሉ የሱቅ ነው የዳቦ?»

«የዳቦ» አልኩት። «የሱቁ ይቀደዳል።»