ለዓሣ ደባል ፍለጋ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ክፍል የሚያከራይ ያገሬ ሰው ደባል ሲመርጥ አይቸኩልም። ያጨሳል? ሌሊት ስልክ ያወራል? ቅቤ ሲያነጥር መስኮት ይከፍታል? የማን ዘመድ ነው? ይህ ሁሉ ተጠይቆም በሁለተኛው ወር በፍሪጅ መደርደሪያ ይጣላሉ። ይኸው ሰው ሳሎኑ ባስቀመጠው አኳሪየም ውስጥ ለሚያኖራቸው የባሕር ዓሦች ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ «ከሶፋው ጋር ይሄዳል ወይ?»

ከሶፋው ጋር የሚሄደው ደግሞ ሁልጊዜ ተናካሹ ነው። ክላውን ትሪገርን እዩት። ጥቁር ገላው ላይ ነጫጭ ክብ፣ ከንፈሩ ብርቱካንማ። ሱቅ ውስጥ አውራ ጣት ያክላል ስትሉ፣ አድጎ እስከ 50 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ጥርሱ የሸርጣን ቅርፊት ይሰብራል። ሻጩ ያስጠነቅቃል። ገዢው ይስቃል፤ «ከልጅነታቸው አብረው ካደጉ ይዋደዳሉ።»

ከዚያ ርኅራኄው ይመጣል። እኛ ብቻውን የሚበላ ሰው አንወድም፤ ብቻውን የሚዋኝ ዓሣም ሆድ ያባባናል። «እንዳይከፋው» ተብሎ አምሳያው ይገዛለታል። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመውን ስለ ጠበኝነት የሚያወራ መጽሐፍ የጀመረው ከኮራል ዓሦች ነበር። እንዳስተዋለውም እነዚህ ዓሦች ከባዕዱ ይልቅ አብዝተው የሚነክሱት የራሳቸውን ዘር ነው። ነገሩ አይደንቅም፤ አምሳያው የሚፈልገው ያንኑ ምግብ፣ ያንኑ የድንጋይ ስንጥቅ ነው። እንዲያጽናናው የመጣው ወንድም ሲነጋ ክንፉ ተሸራርፎ ማጣሪያው ሥር ተወሽቆ ይገኛል።

ሶሃል የሚባለውን የታንግ ዓይነት ዓሣ «የሰፈራችን ልጅ ነው» ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ የቀይ ባሕር ተወላጅ ነው። ግን ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ አለው፣ እስከ 40 ሳንቲሜትር ያድጋል፣ አልጌ የሚግጥባትን ቦታ ለማንም አያካፍልም። ወዳጄ ቅርጹም ምግቡም እሱኑ የሚመስል ሌላ ታንግ ጨመረለት። የሰፈር ልጅነቱ ለእንግዳው አላዋጣም።

ላየንፊሽ ግን ሰላማዊ ነው። አይጣላም፣ አያባርርም፤ መርዛም እሾሁን ዘርግቶ በዝግታ ይንሳፈፋል፣ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል። ባለቤቱ «ትንሿ ዘልላ ወጣች እንዴ?» እያለ በባትሪ ሶፋ ሥር ሲፈልጋት ያመሻል።

ስለ ዳምሰልፊሽም አንድ ቃል። ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ ብዙዎች ገንዳውን የሚያስጀምሩት በእሱ ነው፤ እሱ ያቆሽሻል፣ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ውሃው ለሌሎች ይመቻል። ችግሩ ቀድሞ የገባው ራሱን አከራይ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ላውጣው ያለ ሰው ድንጋዩን ሁሉ ማፍረስ አለበት።

መላውን የሚያውቁት ነገሩን ይገለብጡታል፦ የዋሁ ቀድሞ ይገባል፣ ቁጡው መጨረሻ። የሚጨመረው በመጠን ተቀራራቢ፣ በመልክና በአመጋገብ የተለየ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ድንጋዩን ያዟዙሩታል፤ ነባሩ ድንበሩ ይጠፋበትና እሱም እንደ አዲስ ቦታ ፈላጊ ይሆናል። እንግዳውን ለጥቂት ቀናት ቀዳዳ ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ የሚያቆዩም አሉ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመኝ የመስተዋቱ ዘዴ ነው። መስተዋት ከገንዳው ውጭ ይለጠፋል፤ ጉልበተኛው የገዛ መልኩን አይቶ ይቆጣል፣ ክንፉን ይነሰንሳል፣ ይፎክራል፣ እየተንደረደረ ይመለሳል። ያኛውም ፍንክች አይልም! ይህን ጊዜ እንግዳው ከኋላ መኝታውን ያመቻቻል።

ይህ ሁሉ ድካም ነው የሚል ደግሞ «ባሕሩ ይቻለው» ይልና ዓሣውን ይደፋል። ላየንፊሽ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ዓሣ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ ታየ። አጥኚዎች ከአኳሪየም የተለቀቀ መሆኑን ያምናሉ። ዛሬ ከሰሜን ካሮላይና እስከ ብራዚል የአካባቢውን ዓሣ እየዋጠ ይኖራል፤ ፍሎሪዳም ጠላቂዎች እንዲያጠምዱት ውድድር ታዘጋጃለች፣ ሽልማት ትሰጣለች።

ስለዚህ ትሪገር ወይም ሶሃል ካማራችሁ ሰፊ ገንዳ ግዙለትና ብቻውን አኑሩት። አይከፋውም።