«ቴስት 2» እና ቤተዘመዶቹ

መሥሪያ ቤታችን ባለው የሃይፐር-ቪ ሰርቨር ላይ አምስት ቨርቹዋል ስዊቾች ተደርድረው ነበር፦ «ዋና»፣ «ቴስት»፣ «ቴስት 2»፣ «ኒው ቨርቹዋል ስዊች» እና «አትንኩት»። የመጨረሻውን የሰየመው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ቃሉ ግን እንደ ኑዛዜ ይከበራል። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ይላል። ነባሩ «ተዋቸው፣ ምን ይበሉብሃል?» ይለዋል። ስዊቹን ሲፈጥሩት ማስታወሻ የሚጻፍበት ሣጥን አለ፤ አምስቱም ጋ ባዶ ነበር።

ባለፈው አንዱ ባልደረባዬ ወኔ መጣበት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከቤቱ፣ በሪሞት ገብቶ ጽዳት ጀመረ። መለኪያው ስም ነበር፤ «ዋና» ይቀመጥ፣ «ቴስት» ይውጣ። ሃይፐር-ቪ በሥራ ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን የተሰካበትን ስዊች አላጠፋም ብሎ ይሟገታል፤ ማሽኑ ተዘግቶ ከሆነ ግን ዝም ነው። «ቴስት» ያለ አንዳች ኮሽታ ሄደ። ልጁ ተበረታታ።

«ቴስት 2» ላይ ሲደርስ ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ማን አለ? «የስ» አለው። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

ለካ «ቴስት 2» ኤክስተርናል የሚባለው ዓይነት ኖሯል። እሱ የሰርቨሩን ኔትወርክ ካርድ ይይዝና አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨሩን የራሱን አይፒ አድራሻ እላዩ ላይ ያስቀምጣል። ልጁ የወጣበትን መሰላል በእግሩ ገፍቶታል። መጀመሪያ የሰፈሩን ኢንተርኔት ሰደበ። ቀጥሎ ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። ከዚያ ታክሲ ያዘ። ቢሮው በር ላይ ደግሞ ዘበኛው «የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ሰኞ ነው የሚመጣው» አሉት።

በወር መጨረሻ ከሒሳብ ክፍል ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣ የደመወዙ ማሽን ተነሥቷል፤ ግን ከማንም አይገናኝ።» በወር አንዴ ብቻ የሚከፈት ማሽን ነው፤ ተሰክቶ የኖረውም «ቴስት» ላይ ነበር። «ዋና» ላይ ማን እንደተሰካ አየን። ማንም የለም።

ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማጣራት የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ጌት-ቪኤምኔትወርክአዳፕተር የሚለው ትእዛዝ «ኦል» ሲጨመርበት የተዘጋውንም የተከፈተውንም ማሽን፣ የሰርቨሩን የራሱንም ገመድ ሳይቀር ከየትኛው ስዊች ጋር እንደተያያዘ ይዘረዝራል። ባይሆን ስሙን «ሊጠፋ ነው» ብሎ ቀይሮ አንድ የደመወዝ ቀን መጠበቅና ማን እንደተሰካበት ማየት ይቻላል፤ ስም ስለተቀየረ የሚቋረጥ ነገር የለም። ኤክስተርናሉን ግን ሰርቨሩ ፊት ቆሞ እንጂ ሶፋ ላይ ተንጋሎ አይነኩትም።

አሁን ሰርቨሩ ላይ «ቴስት 3» የሚባል አለ። ሰኞ ጠዋት በጥድፊያ የተተከለው እሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በሱ ይወጣል። ልጁ የማስታወሻውን ሣጥን በዚህኛው ባዶ አልተወውም። ከፍቼ አየሁት፦ «ለጊዜው» ይላል።