የቋሊማው ጉባኤ

በሀንጋሪ ታኅሣሥ ገብቶ ምድሩ በውርጭ ሲነጣ፣ ብርዱን ከጥንት ጀምሮ የሥጋ ማቆያ አድርጎ የኖረው ባላገር አሳማውን ጎህ ሲቀድ ያርዳል፤ ከዕርዱም አስቀድሞ ፓሊንካ የተባለውን የፍራፍሬ አረቄ በባዶ ሆድ መጎንጨት፣ ለብርዱ መድኃኒት ነው ተብሎ፣ እንደ ኪዳን ጸሎት ሳይታጎል የሚፈጸም ሥርዓት ነው። (አሳማው ይበርደው እንደ ሆነ የጠየቀ የለም።)

ይህ የቤተ ሰብ ሥራ ዛሬ ቋሊማ የሚወዳደርበት የአደባባይ በዓል ሆኖአልና እኔም ሄጄ አየሁ። ነጭ ሽርጥ ያሸረጡ ጎልማሶች እስከ ክርናቸው ገብተው ሥጋውን ሲያሹ፣ ዳኞቹም የቀረበላቸውን ቁራጭ አሽትተው፣ ወደ ብርሃን አንሥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያላምጡ የተመለከተ ሰው፣ ስለ ነጭ ሽንኩርት መጠን ሳይሆን ስለ ሃይማኖት ቀኖና የተሰበሰቡ ሊቃውንት ይመስሉታል። የቤኬሽቻባ ከተማ ሰው የጎረቤቱን ከተማ የጁላን ቋሊማ ሲያነሡበት የሚያሳየው ፊትም፣ የመናፍቅ ስም እንደ ተጠራበት መነኩሴ ነው።

ቋሊማውን ቅላት ያጎናጸፈው በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የፈለሰ ሲሆን፣ ማጃሮች (ሀንጋሪዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው) ግን ከአዳም ጀምሮ የእነርሱ እንደ ሆነ አድርገው ይናገሩለታል፤ ከዚያም አልፈው «ጣፋጭ» የሚሉት ዓይነት አላቸው፤ ይህን የሰማ ሐበሻ ትርጓሜው የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ይጠይቃል።

ወራቱ ጾመ ነቢያት በመሆኑ ከሥጋ የምከለከል መሆኔን በብዙ ምልክት ባስረዳ፣ አስተናጋጇ ከልብ አዝና፣ ሮጣ ሄዳ ጎመን አመጣችልኝ፤ በአሳማ ስብ የተጠበሰ።