የአራሷ ቅቤ

መንዝ ውስጥ፣ በከተማችን በመሐል ሜዳ፣ የአንዲት ሴት ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር፣ ከልጁ ስም ቀድሞ የሚነሣው ወሬ የቅቤ ነው። ስንት ኪሎ ይበቃል? ከማን ይገዛ? አሁን ይገዛ ወይስ ጾም ሲገባ ረከስ ይላል? እናት ትጠይቃለች፣ አማት ትጠይቃለች፣ አክስት ትጠይቃለች፤ ዝም የሚለው ብር የሚያወጣው ሰው ብቻ ነው። ዘንድሮ ተራው የእኛ ቤት ነው። ታናሽ እህቴ ወሯ ገብቷል፣ እኔም ከማድቤት ወጥቼ አላውቅም። ሥራውስ ሥራ ነው፣ ለምደነዋል። ያደከመኝ መጨረሻውን ከወዲሁ ማወቄ ነው፦ ይህ ሁሉ የሚሰናዳው በአራሷ ስም ነው፣ የሚበላው ግን ጠያቂው ነው።

እስቲ ከገብሱ እንጀምር። ይለቀማል፣ ይፈተጋል፣ ይታመሳል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ስትደርሺ መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ሰልፍ አለ። ሰልፉ አልቆ ተራሽ ሲደርስ ደግሞ ከአንቺ ፊት በርበሬ ያስፈጨ ሰው ኖሮ የገንፎው ዱቄት ቀልቶ ይወጣል። «ምንም አይልም፣ በርበሬ ይገባበት የለ እንዴ!» ይልሻል ወፍጮ ፈጪው። ለአጥሚቱ አጃ አለ፣ ለሽሮው ባቄላና አተር አለ፤ እነዚህን እንኳ መንዝ አይነፍገንም። ጤፉና በርበሬው ነው ጉዱ። አገራችን ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሁለቱንም ከቆላ ነው የምንጠብቀው፤ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ነው። ስለዚህ ሰው ልጁ በሰባት ወሩ ሳለ ጀምሮ በርበሬ ማጠራቀም ያዘ። ሕፃኑ ገና ጥፍር ሳያወጣ ድልሁ ደርሷል።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስታችን ልጅ ደውላ ምክር ሰጠችን። «እናንተ ሰዎች ለምን ትለፋላችሁ? ቁሌቱን ቀድማችሁ አብስሉት፣ በላስቲክ እየቋጠራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ስትወልድ አውጥቶ ማሞቅ ነው።» እውነቷን ነው፤ እዚያ እንዲህ ይደረጋል። ዋሽንግተን ያሉትማ እንጀራውንም ሳይቀር አቀዝቅዘው ያኖራሉ ይባላል። እኛም ፍሪጅ አለን እኮ። ውስጡ የክብር ስኒና የእናቴ የክር ቋጠሮ ተቀምጦበታል። መብራቱ ሄዶ መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት አገር ቀልጦ እንደገና የረጋ የዶሮ ወጥ ለአራስ የሚሰጥ ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ። ብርዱስ? ብርዱማ ሞልቶናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ውጭ ያደረ ውኃ በረዶ ይሠራል። ረፋድ ላይ ግን ያቺው ፀሐይ ትመጣና ሁሉንም ታቀልጠዋለች። በዚህ የሚታመን ሥጋ የለም።

እውነቱን ለመናገር የእናቶቻችን ፍሪዘር ሌላ ነው፣ መብራትም አይጠይቅም። ምግብን የሚያበላሸው በውስጡ ያለው ውኃ ነው፤ ውኃውን ካወጣሽለት ይቆያል። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል። ገብሱ ተቆልቶ በሶ ይሆናል፣ በሶው በንጥር ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይወጣዋል፤ ጭኮ ደግሞ በደንብ ከተሠራ ወራት ይከርማል። ከሁሉም በላይ ቅቤው ነው። ጥሬ ቅቤ ውኃና የአሬራ ቅሪት ስላለበት ቶሎ ይሻግታል። እሳት ላይ ተጥዶ፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ ገብቶበት፣ መንተክተኩን ትቶ ጸጥ ሲል ውኃው ሄዷል ማለት ነው። ያኔ ይወርዳል፣ ይጠለላል፣ ይከደናል። እዚህ ድረስ ጥበቡ አያልቅብንም። የሚያልቅብን ቅቤው ራሱ ነው። ገበያ ላይ ስታሸቺው ለጋ፣ ስታነጥሪው ግማሹ ዝቃጭ። ሙዝ አሽቶ የሚቀላቅል አለ፣ ዘይት አርግቶ የሚጨምር አለ። አንድ ኪሎ ብለሽ ከፍለሽ ወደ ቤትሽ ምን ያህሉን ቅቤ እንዳስገባሽ የምታውቂው ድስቱ ሲያጋልጠው ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ሌላ ገበያ ሄዷል።

ማገዶውንም አትርሱት። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ የፈላ መስሎ ይታያል እንጂ ባቄላውን ቶሎ አያበስለውም። ቆላ ያሉ ዘመዶቻችን በአንድ እቅፍ እንጨት የሚጨርሱትን እኛ በኩበትና በባሕር ዛፍ ክምር እንታገለዋለን። ጢሱን የሚያይ ሰው «እነ እገሌ ደግሰዋል» ብሎ ይመጣል። ይሄም ሌላ ጣጣ።

ጾሙስ? እህቴ በሁዳዴ ከወለደች ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አራስ አትጾምም፤ ሌላው 55 ቀን ይጾማል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ። ከጠያቂዎቹ ማን እንደሚጾም፣ ማን በሕመም ምክንያት እንደማይጾም፣ ማን ዓሣ እበላለሁ እንደሚል በቃል ማጥናት አለብሽ። ለክርስትናው ደግሞ ወንድ ከሆነ በ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ድግስ አለ። እናታችን ሐኪሙን «ወንድ ነው ሴት?» ብላ ስትወተውተው ጾታው ያጓጓት እንዳይመስላችሁ፤ ለጠላው የምትጠነስስበትን ቀን እያሰላች ነው።

ባሏ ምን ያግዛል ትሉኝ ይሆናል። የእህቴ ባል የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባትየው 3 ቀን። በ3 ቀን ጠላ እንኳ አይደርስም! አንደኛው ቀን ስልክ በመደወል፣ ሁለተኛው «እንኳን ደስ ያለህ» በመቀበል ያልቃል፤ በሦስተኛው ቀን በግ ያርድና በማግስቱ ሥራው ይገባል።

ከዚያ ጠያቂ ይመጣል።

ስለ መጀመሪያው ቀን ገንፎ ክፉ አልናገርም። ምጡን አብረው ያማጡ፣ «ማርያም ማርያም» ሲሉ ያደሩ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ሲበሉት ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ ያ ገንፎ የእነሱ ነው፣ ይገባቸዋል። የምናገረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ስለሚመጡት ነው። «እንኳን ማርያም በሽልም አወጣችሽ» ብለው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ። ቡናው እስከ በረካ ይጠጣል። በዚህ መሐል የራሳቸውን ምጥ፣ የአማታቸውን ምጥ፣ በደም መፍሰስ የሞተችውን የጎረቤታቸውን ምጥ ይተርካሉ፤ አራሷ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማለች። ገንፎው ሲቀርብ «ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁ» ይባላል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ ይበላል። ሲወጡ በር ላይ በሹክሹክታ፦ «ቅቤው አነሰች፣ አይደል እትዬ?»

ማታ ጠያቂው ሁሉ ሲበተን አራሷ ራበኝ ትላለች። ድስቱ ተሟጧል። ጤና ኤክስቴንሽኗ «የምታጠባ እናት በቀን 2 ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል» ብላ አስተምራናለች። ተጨማሪው ይቅርና ዋናውን ማን አየው? ቅቤውን ለማዳን ስትታገዪ ደግሞ አንዷ አሮጊት በጣቷ ነክራ «ሕፃኑን ትንሽ ላልሰው፣ አንጀቱ ይለስልስ» ብላ ትነሣለች። እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ምንም አይቀምስም ብትያት ትቀየምሻለች። ለሳምንት።

በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት ተሠርቷል፤ ሩቅ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚጠብቁበት። ኅብረተሰቡ እህል ያዋጣል፣ ለወለደች ሴት እዚያው ገንፎ ይገነፋል። መጀመሪያ ስሰማ «ደግሞ የሆስፒታል ገንፎ ምን ይጣፍጣል» ብዬ ስቄ ነበር። አሁን ሳስበው ገንፎው ቀጥታ ለአራሷ የሚደርስበት ቦታ ያ ብቻ ይመስለኛል፤ ጠያቂው እዚያ በሰዓት ነው የሚገባው፣ በሰዓትም ይወጣል።

እኛ መንዞች የጋራ ነገር መጠበቅ አንችልም እንዳትሉ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለውን የጓሳ የሣር መሬት አያቶቻችን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀው አቆይተውታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ የሥርዓቱ ሹም አባ ቄራው ቀን ቆርጦ ያስከፍታል፣ ያን ጊዜ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል። ለሣር አባ ቄራ የሾመ ሕዝብ ለአንዲት አራስ የቅቤ ቅል ጠባቂ ያጣል?

እንግዲህ የእህቴ ቀን እየደረሰ ነው፣ እናንተም መምጣታችሁ አይቀርም። ኑ፤ ያልጠየቀ ዘመድ መሆንን እኔም አልወድላችሁም። ግን በባዶ እጅ አትምጡ። ዶሮ አልጠየቅኋችሁም፤ አንድ እቅፍ ኩበት ወይም ሁለት ጣሳ የገብስ ዱቄት ይበቃል። የምትጾሙ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን። የሞተችውን ጎረቤታችሁን ወሬ እቤታችሁ ትታችሁ ኑ። ከአቦል በኋላ ተነሡ፣ ስትነሡም ስኒውን እጠቡት፤ ገንፎ ቢቀርብላችሁ ደግሞ መጀመሪያ «አራሷ በላች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።